በጠራራ ፀሐይ የሚጠፋው ሶላር፦ ስለ ቮልቴጅ፣ ስለ ባትሪና ስለ ጋራ መስመር

ከሜልበርን ምዕራባዊ ሰፈሮች የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከሦስት ዓመት በፊት ጣሪያዬ ላይ 6.6 ኪሎዋት ፓነልና 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል ቤትና መንገድ ላይ ወደሚሠራው ዓይነት የሚቀይር መሣሪያ) አስገጥሜአለሁ። ከሴፕቴምበር ጀምሮ፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ ሰማዩ ጠርቶ ሲውል፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ኢንቨርተሩ ኃይሉን ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ጭራሹን ይጠፋና ከደቂቃዎች በኋላ ይነሣል። የገጠመልኝ ሰው ‘መስመሩ ሞልቷል’ አለኝ፤ ጎረቤቴ ደግሞ ኩባንያው ሆን ብሎ እየዘጋብን ነው ይላል። ባለፈው መብራት ሲጠፋ ፀሐይ እያለ የእኔም አብሮ ጠፋ። አሁን 13.5 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ልገዛ ነው፤ ሻጩ ቪፒፒ (የብዙ ቤቶችን ባትሪ በአንድነት የሚያሠራ ሥርዓት) ውስጥ ካልገባህ የመንግሥቱን ቅናሽ አታገኝም ብሎኛል። የኢንቨርተሩን ሴቲንግ ወደ ሌላ አገር ብንቀይረው ችግሩ ይጠፋል የሚልም አለ። አዲስ አበባ ላለው ወንድሜም ተመሳሳይ ዕቃ ልልክለት አስቤአለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች እንደ አንድ ተቆጥረዋል፤ አስቀድሞ እነሱን መለየት ያስፈልጋል። ኢንቨርተርዎ እኩለ ቀን ላይ የሚቀንሰው በመንገድዎ መስመር ላይ ያለው ቮልቴጅ ከፍ ስለሚል ነው፤ ውሳኔውን የሚወስደውም ራሱ ኢንቨርተሩ ነው እንጂ ከሩቅ የሚዘጋው ሰው የለም። ጎረቤትዎ የሚሉት ከሩቅ የመዝጋት ሥርዓት በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን የክፍለ ግዛቱ የኤሌክትሪክ መረብ በሙሉ አደጋ ላይ ሲወድቅ የሚወሰድ የመጨረሻ እርምጃ ነው፤ በቪክቶሪያም እርስዎ ካስገጠሙ በኋላ የመጣ ነው። መብራት ሲጠፋ ሶላሩ አብሮ የሚጠፋው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ፣ የሰው ሕይወት ለመጠበቅ የተደነገገ ግዴታ ነው። «መስመሩ ሞልቷል» የሚለው የገጣሚዎ አነጋገርም ሰውን ያሳስታል፤ ሽቦው ተጨማሪ ኃይል መሸከም አላቃተውም፤ ከልክ ያለፈው ግፊቱ፣ ማለትም ቮልቴጁ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤሌክትሪክ ከከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ዝቅተኛው ይፈስሳል፤ ስለዚህ ኢንቨርተርዎ ኃይል ወደ ውጭ እንዲልክ በራሱ ጫፍ ያለው ቮልቴጅ መንገድ ላይ ካለው መብለጥ አለበት። 5 ኪሎዋት ሲልክ በሽቦው ውስጥ 22 አምፔር ገደማ ያልፋል፤ ከትራንስፎርመሩ እስከ ቤትዎ ያለው ሽቦ ደርሶ መልስ 0.3 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረው፣ በእርስዎ ምክንያት ብቻ ቮልቴጁ በ6 ቮልት ተኩል ይጨምራል። በዚያው መስመር ላይ ያሉ ሌሎች አሥር ቤቶች በዚያው ሰዓት ሲልኩ ጭማሪው ይደራረባል። በአውስትራሊያ ስመ ልኩ 230 ቮልት ሲሆን የተፈቀደው ከ216 እስከ 253 ቮልት ነው። የመንገድ ላይ ትራንስፎርመሮች ግን በአብዛኛው የተስተካከሉት ኃይል ከላይ ወደ ታች ብቻ ይወርድ በነበረበት ዘመን ነው፤ ያኔ ሥጋቱ በመስመሩ መጨረሻ ላይ ላለው ቤት ቮልቴጅ እንዳያንሰው ስለ ነበር መነሻው ሆን ተብሎ ከፍ ተደርጎ ይተው ነበር። መነሻው 244 ቮልት በሆነ መስመር ላይ የእርስዎም የጎረቤቶችዎም ጣሪያ ሲጨመርበት 253ን ማለፍ ቀላል ነው።

ለምን በፀደይ፣ ለምን ቅዳሜና እሑድ? በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ማሞቂያው ጠፍቷል፣ ማቀዝቀዣው ገና አልተከፈተም፣ ፀሐይዋ በርትታለች፣ አየሩ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ፓነል ደግሞ ሲቀዘቅዝ የበለጠ ያመነጫል። በዕረፍት ቀን የአካባቢው መሥሪያ ቤትና ፋብሪካ ስለሚዘጋ ኃይሉን የሚበላው ይቀንሳል። ብዙ ሰው ችግሩ በጃንዋሪ ሙቀት ይብሳል ብሎ ይጠብቃል፤ በጃንዋሪ ግን የየቤቱ ማቀዝቀዣ ኃይሉን እዚያው ስለሚጠቀምበት ቮልቴጁ ረገብ ይላል።

ከ2021 ዲሴምበር ወዲህ የሚገጠሙ ኢንቨርተሮች የሚከተሉት ኤኤስ ኤንዜድኤስ 4777.2 የሚባለው የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ደረጃ መሣሪያው በምን ቮልቴጅ ምን ማድረግ እንዳለበት በዝርዝር ይወስናል። ቮልቴጁ 240 ሲያልፍ ኢንቨርተሩ ሪአክቲቭ ፓወር (ራሱ ሥራ የማይሠራ፣ ቮልቴጁን ለመግራት የሚያገለግል ኃይል) እየሳበ ግፊቱን ለመጫን ይሞክራል፤ 258 ሲደርስ ከአቅሙ 60 በመቶው ለዚሁ ሥራ ይውላል። በዚህ ጊዜ የ5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ለእውነተኛ ኃይል የሚተርፈው 4 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ ስሌቱ የቀጥታ መቀነስ ሳይሆን የፓይታጎረስ ሕግ ነውና 60 በመቶ ሲሄድ 80 በመቶ ይቀራል። ስለዚህ በስልክዎ አፕ ላይ ግራፉ 4 ኪሎዋት ገደማ ደርሶ አናቱ እንደ ጠረጴዛ ተደልድሎ ካዩ ፓነሉ ቆሽሿል ብለው አይጨነቁ። 253 ቮልት ካለፈ በኋላ ደግሞ ራሱ ኃይሉም መቀነስ ይጀምርና 260 ላይ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። የአሥር ደቂቃ አማካዩ 258ን ካለፈ ግን መሣሪያው ከመስመሩ ይወጣል፤ ቮልቴጁ ሲረጋጋ 60 ሰከንድ ጠብቆ ይመለሳል፤ ወደ ሙሉ ኃይሉ ለመድረስም ስድስት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። እርስዎ «ጠፍቶ ከደቂቃዎች በኋላ ይነሣል» ያሉት ይኸው ነው። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የታዘዘውን እያደረገ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፤ ንዴቱ ከኪሳራው ይበልጣልና። ቪክቶሪያ ከ2009 እስከ 2011 መጨረሻ ለገቡ ደንበኞች ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 60 ሳንቲም ትከፍል ነበር፤ በ2024–25 የበጀት ዓመት የተቀመጠው ዝቅተኛ ዋጋ 3.3 ሳንቲም ነበር። በመቀነሱ ምክንያት በቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት ወደ ውጭ ሳይልኩ ቢቀሩ በዚያ ዋጋ ያጡት 10 ሳንቲም ነው። እውነተኛው ኪሳራ ኢንቨርተሩ ጭራሹን ሲጠፋ ነው፤ ያን ጊዜ የልብስ ማጠቢያዎ የሚሠራበትን ኃይል በ30 ሳንቲም ገደማ ይገዛሉ። ስለዚህ መቀነሱን ይታገሡት፤ መጥፋቱን ግን ዝም ብለው አይለፉት።

መፍትሔው ከመለካት ይጀምራል። በአፑ ውስጥ የቮልቴጁን ግራፍ ያውጡና ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ያለውን ከእኩለ ቀኑ ጋር ያነጻጽሩ። ሌሊት ፀሐይ በሌለችበት 248 ቮልት የሚያሳይ ከሆነ ጥፋቱ የእርስዎም የጎረቤትዎም ጣሪያ አይደለም፤ ትራንስፎርመሩ ከፍ ብሎ ተስተካክሏል። ሌሊት 238 ሆኖ ቀን 256 የሚደርስ ከሆነ ግን ጭማሪው የት እንደሚፈጠር መፈለግ አለበት። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ሶላሩ ሙሉ ኃይሉን በሚልክበት ሰዓት በኢንቨርተሩ ጫፍና በዋናው ሰሌዳ ላይ በቴስተር ይለካ፤ ከመስመሩ መግቢያ እስከ ኢንቨርተሩ ያለው ልዩነት ከ2 በመቶ፣ ማለትም ከ4.6 ቮልት ሊበልጥ አይገባም። በሥራዬ ካየኋቸው ቤቶች በአንዱ ኢንቨርተሩ ከጓሮ ጋራዥ ተሰቅሎ እስከ ሰሌዳው 30 ሜትር በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ተያይዞ ነበር። ሽቦው ብቻውን 9 ቮልት ተኩል ይጨምር ስለ ነበር መንገዱ ላይ 249 እያለ ኢንቨርተሩ 258 ያይና ይወጣል። ባለቤቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኃይል ኩባንያው ጋር ሲሟገት ኖሯል። በ10 ካሬ ሚሊሜትር ሲተካ ጭማሪው ወደ 2 ቮልት ተኩል ወረደ፤ ክርክሩም አበቃ።

በዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ። መብራቶችዎ በአንድ በኩል ሲደምቁ በሌላ በኩል የሚደበዝዙ ከሆነ፣ ወይም የውኃ ቧንቧ ሲነኩ ንዝረት ከተሰማዎት ነገሩ የሶላር ጉዳይ አይደለም፤ የላላ ወይም የተበጠሰ ኒውትራል (የመመለሻ ሽቦ) ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ አከፋፋዩ የድንገተኛ ስልክ ይደውሉ።

ችግሩ ከቤትዎ ውጭ መሆኑ ከታወቀ የሚያመለክቱት ቢል ለሚልክልዎ ኩባንያ ሳይሆን ሽቦውና ምሰሶው ለሆነው አከፋፋይ ነው። በቪክቶሪያ አከፋፋዮች አምስት ናቸው፤ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ በቢሉ ላይ ተጽፏል። ቪክቶሪያ ከሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች ቀድማ በየቤቱ ዘመናዊ ቆጣሪ ስላስገባች የቤትዎ ቮልቴጅ ታሪክ በአከፋፋዩ እጅ አለ፤ ስለዚህ «ሶላሬ አይሠራም» ብለው አይጻፉ፤ «በእነዚህ ቀናትና ሰዓታት በቆጣሪዬ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከ253 በላይ ስለ ነበር መዝገባችሁን መርምራችሁ በጽሑፍ መልሱልኝ» ብለው ይጻፉ። የትራንስፎርመሩን ታፕ (የቮልቴጅ ማስተካከያውን) ዝቅ ማድረግ፣ በሦስቱ ፌዞች (ኃይል ተሸካሚ ሽቦዎች) ላይ ያለውን የቤት ድልድል ማመጣጠን፣ ሲከፋም ሽቦውን ማወፈር የእነሱ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ርካሽ ስለሆነ በአብዛኛው እሱን ይሞክራሉ።

የኢንቨርተሩን ሴቲንግ ወደ ሌላ አገር መቀየር የሚለውን ምክር ጨርሶ አይስሙት። ከአከፋፋዩ ጋር የፈረሙትን ውል ያፈርሳል፣ ቃጠሎ ቢደርስ ከኢንሹራንስ ጋር ያጣላል፣ የቤትዎንም ዕቃ ከተፈቀደው በላይ ለሆነ ቮልቴጅ ያጋልጣል። ከዚህ በላይ ግን ሴቲንጉ የተጻፈው ለእርስዎ ቤት ብቻ አይደለም። ጀርመን ይህን በውድ ዋጋ ተምራዋለች። በዚያ አገር ቀደም ብለው የተገጠሙ ሶላሮች የመረቡ ፍሪኩዌንሲ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት፤ ልኩ 50 ኸርዝ ነው) 50.2 ኸርዝ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ቅጽበት እንዲጠፉ ተደርገው ነበር። ጥቂት በነበሩበት ጊዜ ይህ ጉዳት አልነበረውም፤ ጊጋዋቶች ሲሆኑ ግን ትንሽ የፍሪኩዌንሲ ከፍታ አገር የሚያህል ማመንጫ በአንዴ ሊያስወጣና ትርፉን ወደ እጥረት ሊገለብጥ እንደሚችል ታወቀ። በ2012 በወጣ ደንብ ከ300,000 በላይ የሆኑ ተከላዎች ሴቲንጋቸው እንዲስተካከል ተደረገ። የአውስትራሊያው ሴቲንግ ከዚህ የተሻለ ነው፤ ከ50.25 ኸርዝ ጀምሮ እስከ 52 ድረስ ቀስ በቀስ ይቀንሳል እንጂ በአንዴ አይቆርጥም። አንድ ቤት ይህን ቢያፈርስ መረቡ አይሰማውም፤ ሺህ ቤቶች ቢያፈርሱት ግን ጀርመን የነበረችበት ቦታ ላይ እንገኛለን።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ አባባል። በአውስትራሊያ ከ4 ሚሊዮን በላይ ጣሪያዎች ሶላር ተገጥሞላቸዋል። የመረቡ ሥራ አስኪያጅ ኤኢኤምኦ ትልልቅ ማመንጫዎችን በየአምስት ደቂቃው ጨምሩ፣ ቀንሱ ይላቸዋል፤ ለጣሪያዎች ግን የሚናገርበት መንገድ ለረዥም ጊዜ አልነበረውም። በደቡብ አውስትራሊያ በ2023 የመጨረሻ ቀን ከመረቡ የሚፈለገው ኃይል ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር፤ ጣሪያዎቹ ክፍለ ግዛቱን አጥግበው ተርፈዋል ማለት ነው። ትርፉ ወደ ቪክቶሪያ የሚሄድበት መስመር እስካለ ድረስ ይህ ደስ የሚያሰኝ ዜና ነው። መስመሩ ሲዘጋ ወይም ሲጠብ ግን መድረሻ የሌለው ኃይል ፍሪኩዌንሲውን ወደ ላይ ይገፋል፤ ቮልቴጁንና ፍሪኩዌንሲውን የሚያረጋጉት ከባድ የሚሽከረከሩ የማመንጫ ማሽኖችም በሥራ ላይ የሚቆዩበት ቦታ ያጣሉ።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ችግርም አለ። መረቡ ድንገት ማመንጫ አጥቶ ፍሪኩዌንሲው ሲወርድ ሰፈሮችን በራሱ እየቆረጠ የሚተርፍ መከላከያ አለው፤ የሚቆረጠው ሰፈር በዚያ ሰዓት ኃይል ላኪ ከሆነ ግን መቁረጡ እጥረቱን ያብሰዋል። የበረደው ሰው ብርድ ልብሱን ከላዩ እንደሚገፍ ዓይነት ነው። ደቡብ አውስትራሊያ ነገሩን አጥብቃ የያዘችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ28 ሴፕቴምበር 2016 ማዕበል የማስተላለፊያ ምሰሶዎችን ጥሎ፣ የንፋስ ማመንጫዎችም በመከላከያ ሴቲንጋቸው ምክንያት ወጥተው፣ ክፍለ ግዛቱ በሙሉ ጨለማ ውስጥ ገብቷል። በ14 ማርች 2021፣ እሑድ ቀን፣ ወደ ቪክቶሪያ የሚያገናኘው መስመር በጥገና ምክንያት ጠቦ ሳለ የጣሪያ ሶላሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በትእዛዝ እንዲጠፉ ተደረገ። በኖቬምበር 2022 ደግሞ ማዕበል ምሰሶ ጥሎ ክፍለ ግዛቱ ለአንድ ሳምንት ያህል ብቻውን በቆመ ጊዜ ትእዛዙ ተደጋገመ። ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ የሚገርም ነው፤ ለሩቅ ትእዛዝ የማይመልሱ የድሮ ኢንቨርተሮችን ለማውጣት በማከፋፈያ ጣቢያው ላይ ቮልቴጁን ሆን ብለው ከፍ ያደርጉታል። ጎረቤትዎ ወሬውን ከዚያ ሰምተውት ሊሆን ይችላል።

ቪክቶሪያ በበኩሏ ከ1 ኦክቶበር 2024 ጀምሮ አዲስ የሚገጠሙና የሚተኩ የቤት ሶላሮች በአደጋ ጊዜ ከአከፋፋዩ ትእዛዝ መቀበል እንዲችሉ አስገድዳለች። የእርስዎ መሣሪያ ከዚያ በፊት የገባ ስለሆነ በዚህ አልተያዘም፤ ባትሪውን ሲያስገቡ ኢንቨርተሩን በአዲስ ከለወጡ ግን ይያዛል። አይፍሩት። ማወቅ ያለብዎት መሣሪያው ከኢንተርኔት ጋር ተያይዞ መቆየት እንዳለበት ብቻ ነው፤ የዋይፋይ የይለፍ ቃል ቀይሮ ኢንቨርተሩን ረስቶ «ሶላሬ ወደ ውጭ መላክ ቀነሰ» የሚል ሰው ቁጥሩ ቀላል አይሆንም። በእኔ አመለካከት ከዚህ የተሻለው የደቡብ አውስትራሊያ ዘዴ ነው፤ እዚያ ደንበኛው ወይ ሁልጊዜ 1.5 ኪሎዋት ብቻ ይልካል፣ ወይ ደግሞ መስመሩ በፈቀደ ሰዓት እስከ 10 ኪሎዋት እየላከ በተጨናነቀ ሰዓት በትእዛዝ ይቀንሳል። በቋሚነት ከመታሰር አልፎ አልፎ መታዘዝ እንደሚሻል ለማንም ግልጽ ነው፤ የእርስዎ አከፋፋይ ይህን የሚያቀርብ ከሆነ ሁለተኛውን ይምረጡ።

መብራት ሲጠፋ ሶላሩ ለምን እንደሚጠፋ ማስረዳት ቀላል ነው። ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ መስመሩ ሞቷል ብሎ ሽቦ ሲይዝ የእርስዎ ጣሪያ በታች በኩል ኃይል ቢልክበት ይሞታል። ስለዚህ መረቡ ሲጠፋ ኢንቨርተሩ በሁለት ሰከንድ ውስጥ እንዲወጣ ግዴታ ተጥሎበታል። ባትሪ መግዛት ብቻውን ይህን አይለውጠውም። ቤቱን ከመንገዱ የሚለይ ማቀያየሪያና የመጠባበቂያ መስመር ካልተሠራለት ባትሪው ሙሉ ሆኖም ቤቱ ይጨልማል፤ ይህን ተጨማሪ ሥራ ሻጮች ብዙ ጊዜ በዋጋው ውስጥ አያካትቱትም። በመጠባበቂያው ላይ የትኞቹ መስመሮች እንደሚገቡ በጽሑፍ ይቀበሉ። ማቀዝቀዣ ፍሪጅ፣ መብራት፣ ኢንተርኔትና አንድ ሁለት ሶኬት ይበቃል፤ የቤቱን ማሞቂያ ካስገቡበት ባትሪው ሌሊቱን አያድርም።

ሻጩ ስለ ቅናሹ የነገረዎት ስሕተት ነው። ከ1 ጁላይ 2025 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥት ለቤት ባትሪ የሚሰጠው ቅናሽ፣ ሲጀመር ከዋጋው ወደ 30 በመቶ የሚገመተው፣ ከመረብ ጋር የሚያያዘው ባትሪ ቪፒፒ ውስጥ መግባት የሚችል ዓይነት እንዲሆን ይጠይቃል። መቻል አንድ ነገር ነው፤ መግባት ሌላ። መግባት የእርስዎ ምርጫ ነው፤ ይህን ያጣመመ ሻጭ ሌላም ነገር ሊያጣምም ይችላልና ሌላ ዋጋ ይጠይቁ። ቅናሹ ከባትሪው መጠን ጋር ስለሚያድግ ትልቅ ባትሪ ሊያሸክሙዎ የሚሞክሩ አይጠፉም። ከቢልዎ ወይም ከቆጣሪው መረጃ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስከ ጠዋት የሚጠቀሙትን ያስሉ፤ 8 ወይም 10 ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ ያሰቡት 13.5 በቂ ነው፤ በ6.6 ኪሎዋት ፓነል በክረምት 30 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ መሙላት አይቻልም።

ባትሪው የቮልቴጁን ችግር ይፈታል ወይ? ይፈታል፣ ግን ሰዓቱ ከተስተካከለ ብቻ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባትሪዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ትርፍ ኃይል እንደ ተገኘ ወዲያው እንዲሞሉ ተደርገው ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ 4 ኪሎዋት ትርፍ ቢኖርዎ 13.5ቱ በሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ይሞላል፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መንገዱ በተጨናነቀበት ሰዓት፣ ኃይልዎ በሙሉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ቮልቴጁም ኢንቨርተሩም ባትሪ ባልነበረበት ጊዜ ያደርጉት የነበረውን ያደርጋሉ። ስለዚህ ከሴፕቴምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ የመሙያውን ኃይል 2.5 ኪሎዋት ላይ ይገድቡትና ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል ድረስ እንዲሞላ ያድርጉ። በአምስት ሰዓት ተኩል ይሞላል፤ ከጣሪያው የሚወጣውም በከፋው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ክረምትና ደመናማ ቀን ላይ ገደቡን ያንሱት፤ ያለዚያ ባትሪው ሳይሞላ ይመሻል። የአየር ትንበያ እያየ ይህን በራሱ የሚያደርግ መሣሪያ ካገኙ ይሻላል። ምሽት ላይ ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ያለው ውድ ታሪፍ ካለብዎ ባትሪው በዚያ ጊዜ ቤቱን ይመግብ።

ቪፒፒ ማለት በሺህ የሚቆጠሩ የቤት ባትሪዎችን በአንድ ድርጅት አመራር ሥር አሰባስቦ እንደ አንድ ማመንጫ ማሠራት ነው። ለመረቡ ያለው ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ባትሪ የፍሪኩዌንሲን መዋዠቅ በሰከንዶች ውስጥ ይይዛል፣ ምሽት ላይ ሰው ሁሉ ምግብ ሲያበስልና ቤቱን ሲያሞቅ የጋዝ ማመንጫ ከማስነሣትም ያድናል። ጉድለትም አለው። ሁሉም ባትሪ በአንድ የዋጋ ምልክት በአንዲት ሰከንድ መሙላት ከጀመረ ራሱ አዲስ ችግር ይሆናል፤ ጥሩ ድርጅት ትእዛዙን በደቂቃዎች እያራራቀ ያስተላልፋል። ለእርስዎ የምሰጠው ምክር የማያወላዳ ነው፦ ቢያንስ 30 በመቶው ለእርስዎ መጠባበቂያ እንዲቀር፣ በዓመት ስንት ጊዜ ባትሪውን እንደሚጠቀሙበት፣ ከመረቡ አስሞልተው ሲያወጡት የመሙያውን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል፣ የአምራቹ ዋስትና የሚሸፍነው ጠቅላላ የኪሎዋት ሰዓት መጠን ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚታይ፣ ያለ ቅጣት መውጣት እንደሚችሉም በውሉ ላይ ካልተጻፈ አይግቡ። ከተጻፈ ይግቡ። የመጀመሪያውን ዓመት ግን ያለ ቪፒፒ ያሳልፉና የራስዎን አጠቃቀም ይወቁ፤ ያላወቁትን ነገር ዋጋ መተመን አይቻልም።

ባትሪው የሚቀመጥበትን ቦታም ለገጣሚው ብቻ አይተዉለት። ደረጃው በመኝታና በመኖሪያ ክፍል፣ በኮርኒስ ውስጥ፣ በመውጫ በርና በመስኮት ከ600 ሚሊሜትር ባነሰ ርቀት እንዳይሰቀል ይከለክላል፤ ከመኖሪያ ክፍል ጋር በሚጋራ ግድግዳ ላይ ከሆነ ደግሞ የማይቃጠል መከላከያ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ዘንድሮ ፀደይ ሳያልፍ ቮልቴጁን ያስለኩ፣ የቤትዎ ሽቦ ቀጭን ከሆነ ያስቀይሩ፣ ለአከፋፋዩ በቁጥር አስደግፈው ይጻፉ፣ ከዚያ በኋላ ባትሪውን ከነመጠባበቂያ መስመሩ ይግዙ። ባትሪውን አስቀድመው ገዝተው የቀጠነውን ሽቦ ቢተዉት፣ ባትሪው በሞላ ቁጥር ወደነበሩበት ይመለሳሉ።

ለወንድምዎ ከአውስትራሊያ መላኩን ይተዉት። ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣ አይሄድም፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው የላፕቶፕ ያህል፣ እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። እዚህ የሚሸጠው ኢንቨርተርም ለዚህ አገር መረብ የተስተካከለ ነው፤ ቮልቴጅ ከ180 በታች ሲወርድ ከመስመር ይወጣልና ምሽት ላይ ቮልቴጅ በሚያንስበት ሰፈር አይመችም፤ ዋስትናውም ባሕር አይሻገርም። ገንዘቡን ይላኩለትና እዚያው፣ የሚጠግን ሰው ካለበት ቦታ፣ ሃይብሪድ ኢንቨርተር (ፀሐይን፣ ባትሪንና መረብን አንድ ላይ የሚያሠራ) ይግዛ። የእሱ ችግር ከእርስዎ ተቃራኒ ነው፤ እርስዎን ያስቸገረው የተረፈ ኃይል ነው፣ እሱን የሚያስቸግረው የመብራት መቆራረጥ ነው። ስለዚህ ወደ መንገድ መላክ ጨርሶ አያስፈልገውም፤ ኢንቨርተሩ «ዜሮ ኤክስፖርት» ላይ ይቀመጥ፤ ወደ ውጭ የሚወጣውንም እንደ ፍጆታ የሚቆጥሩ ዲጂታል ቆጣሪዎች አሉና ሰጥቶ እንዳይከፍል። የኢንቨርተሩን መውጫ ከግድግዳ ሶኬት ጋር በማያያዝ ቤቱን ለማብራት እንዳይሞከር አጥብቀው ይንገሩት፤ ጀነሬተርም ካለ ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ፈጽሞ በማይገናኝ ማቀያየሪያ በኩል ይግባ፤ ምሰሶ ላይ ያለው ሠራተኛ እዚያም ሰው ነው።

አንድ ሴቲንግ ግን ከሁሉ በላይ ይጠቅመዋል፣ ለሰፈሩም እንዲሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፍሪጁም፣ ምጣዱም፣ የውኃ ማሞቂያውም በአንዴ ይነሣሉ፤ ትራንስፎርመሩ ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ወይም ፊውዙ የሚበላው በዚያ ሰዓት ነው። ባለ 48 ቮልት ባትሪ በ60 አምፔር እንዲሞላ ከተተወ ወደ 3 ኪሎዋት ይስባል፤ ይህ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደ መጣድ ነው። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር አሥር እንዲህ ያሉ ቤቶች ካሉ፣ እንጀራ የማይጋግሩ አሥር ምጣዶች ተጨምረዋል ማለት ነው። ወንድምዎ ከመረቡ የሚሞላበትን አምፔር ወደ 20 ያውርደው፤ ያ 1 ኪሎዋት ገደማ ነው፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪም በአምስት ሰዓት ይሞላለታል። መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነም መብራት ከመጣ በኋላ አሥር ደቂቃ ጠብቆ መሙላት እንዲጀምር ያድርገው፤ ቀን ቀን ደግሞ ቅድሚያው ለፀሐይ ይሁን።